ምዕራፍ ሰባት፦ «ቅጠል እኮ ነው»

ቦምቤ በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው የዝንጅብል አገር ነው። እንሰቱና ጎደሬው የቤቱን ሆድ ይይዛሉ፤ ዝንጅብሉ ግን ገበያ ወጥቶ ብር ይሆናል። ብሩም ደብተር፣ ጫማ፣ የትምህርት ቤት ልብስ፣ ልጁ ሲያድግ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ስንቅ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በባክቴሪያ የሚመጣ የማጠውለግ በሽታ የደቡቡን የዝንጅብል ማሳ ሲፈጀው ጉዳቱ ገበሬው ዘንድ አላበቃም፤ ከዚያ ማሳ በሚወጣ ሳንቲም ይማር የነበረ ልጅም አብሮ ተጎድቷል። ስለ ካምፓስ ሱስ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ይህን ይረሳል። ዶርም ውስጥ ተጠቅልሎ የሚጨሰውም፣ ከግቢው በር ማዶ በርጫ ላይ የሚቃመውም የአንድ ሰው ላብ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለ ካናቢስ ነው፤ ተማሪው ጋንጃ፣ የቀደመው ትውልድ ሀሺሽ፣ ፖሊስ ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ስለሚለው። ስንት ተማሪ እንደሚያጨስ ለመቁጠር አልተነሣሁም። የያዝኩት ጥያቄ ሌላ ነው፦ ተማሪዎች ስለ ዕፁ ምን ያስባሉ? ሐሳቡን ከየት አመጡት? የግቢው የጤና ትምህርትስ ለዚያ ሐሳብ መልስ አለው ወይ? የራሴን መልስ ከወዲሁ ልናገር፤ የለውም። ካምፓስ ውስጥ ስለ ሱስ የሚነገረው ነገር ጫቱንም፣ ሲጋራውንም፣ ሺሻውንም፣ ጋንጃውንም በአንድ ከረጢት ከትቶ በአንድ ድምፅ «ገዳይ ነው» ይላል። ተማሪው ግን ዓይን አለው፤ ያያል፣ ያመዛዝናል፣ የተነገረው ካየው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሁሉንም አንድ ላይ ይጥለዋል።

ከቦምቤ የሚነሣ ልጅ ካምፓስ ከመግባቱ በፊት ስለሚያሰክርና ስለሚያደነዝዝ ነገር የሰማው በአብዛኛው ከስብከት መድረክ ነው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ የደረሱት በ1928 እ.አ.አ. ነው። ሶዶ አጠገብ ኦቶና ላይ ሰፈሩ፣ ሰበኩ፣ አከሙ። ጣሊያን ካስወጣቸው በኋላ ሲመለሱ፣ ትተዋት የሄዱት ጥቂት ምዕመናን ያሏት ጉባኤ ብዙ ሺህ ሆና ጠበቀቻቸው። ከዚያ ሥር የበቀለችው የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ዛሬም በዞኑ ትልቅ ድምፅ ናት፤ ምዕመኗ ከአረቄውም ከትንባሆውም እንዲርቅ ታስተምራለች። ያው ኦቶና ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስና ሕክምና ግቢ፣ የሪፈራል ሆስፒታሉም መገኛ ነው። «ኃጢአት ነው» የሚለው ድምፅና «ለጤና ጎጂ ነው» የሚለው ድምፅ የወጡት ከአንድ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። ይሁንና ሁለቱ ሲነጋገሩ ብዙም አይታይም።

የመድረኩን ትምህርት የማቃልል እንዳይመስል። በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ሃይማኖታዊ ሕይወቱ የጠነከረ ወጣት ከአደንዛዥ ነገር የመራቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ በካምፓስም የወንጌላውያን ተማሪዎች ኅብረትም ሆነ የኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ ስንቱን ልጅ እንደያዙ የማያውቅ የለም። ችግሩ የሚመጣው ልጁ አንድ ቀን ከተንሸራተተ በኋላ ነው። «ኃጢአት ነው» ብቻ የተባለ ልጅ አንዴ ከቀመሰ ወይም ካጨሰ ኅብረቱን ይሸሻል፤ ሰው በሚያስፈልገው ሰዓት ከሰው ይርቃል። ደግሞም የተማሪ ምደባ አገር አቀፍ ነው። የቦምቤው ልጅ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ሊደርሰው ይችላል፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሶዶው ዩኒቨርሲቲም ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከአዲስ አበባ ይቀበላል። ጫት የአባት የጁምዓ ወግ የሆነበት ቤት ልጅና ጫት ስሙ የማይጠራበት ቤት ልጅ በአንድ ዶርም፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች ይተኛሉ። የጤና ትምህርቱ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ተማሪ አድርጎ ነው የሚያናግራቸው።

ካናቢስ ጋ ከመድረሳችን በፊት ጫት ጋ መቆም ግድ ነው፤ በእኛ ካምፓሶች መንገዱ በእሱ ነው የሚያልፈው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ በሕይወታቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ። በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ በየጊዜው የተሠሩ ጥናቶችን ደምሮ በ2018 እ.አ.አ. የታተመ ግምገማ ደግሞ በጥናቶቹ ጊዜ ይቅሙ የነበሩትን ወደ 23 ከመቶ አድርሷቸዋል። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ተማሪው የሚቅመው በአብዛኛው ለማንበብ ነው። ትኩስ ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን አሠራሩ እንደ አምፌታሚን ነው፤ ያነቃል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ የረሃብ ስሜትን ያጠፋል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል፤ ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ፣ መኪናውን እንደ አምቡላንስ የሚያበርረው ለዚህ ነው። ምርቃናው ሌሊቱን ይወስዳል። ከዚያ ሌላ ችግር ይመጣል፦ ፈተናው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው፤ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ዓይን አልከደን ብሏል። ጨብሲ የሚባለው ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። አንዱ በቢራ ወይም በአረቄ ያወርደዋል፤ ሌላው በኪኒን። ከእነዚህ መካከል ጥቂቱ በጋንጃ ይሞክረዋል። በእኛ ካምፓሶች ካናቢስ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ የጫቱን ሥራ ለማፍረስ የሚጠራ ነው። ስለ ካናቢስ ብቻ የሚሰጥ ገለጻ፣ ስለ ጫትም ብቻ የሚሰጥ ገለጻ የማይያዘው ለዚህ ይመስለኛል። ተማሪው የሚኖረው አንዱ ሌላውን በሚጠራበት ሰንሰለት ውስጥ ነው።

ዕፁ ራሱ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ስፍራ (የአብያተ ክርስቲያናቱ ላሊበላ አይደለም) በቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ጋያ ራሶች በላቦራቶሪ ተፈትሸው የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል፤ ውጤቱ በ1975 እ.አ.አ. ሲታተም ዕድሜያቸው ወደ አሥራ አራተኛው ምዕተ ዓመት ግድም ተገምቷል። ትንባሆ ከአሜሪካ ተሻግሮ አፍሪቃን ሳያውቅ በፊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። በእኛ ዘመን ስሙ ከሻሸመኔ ጋር ተጣበቀ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ ወደ 200 ሄክታር የሚሆን መሬት ሰጡ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ወደዚያ የሚመጣው ራስተፈሪያን በረከተ። ለራስተፈሪያን ዕፁ የአምልኮ አካል ነው። ለወላይታ ሶዶ ተማሪ ግን ሻሸመኔ ማለት በአላባ በኩል በሚያልፈው አስፋልት ግማሽ ቀን የማይሞላ መንገድ ነው። ዕፁ የሚሸጠው በአምልኮ ሳይሆን በንግድ ነው፤ ነጋዴው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከራስተፈሪያኖቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህን ሳይለዩ ማኅበረሰቡን በጅምላ መውቀስ የተለመደ ነው፤ እኔ አልስማማም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማምረትንም፣ ማዘዋወርንም፣ መጠቀምንም ያስቀጣል፤ ለአምራቹና ለነጋዴው ቅጣቱ ከአምስት ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት ይጀምራል። የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክሏል፤ አልኮልም ሆነ ትንባሆ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ አዟል። ጫት በየትኛውም አልተነካም፤ ከአገሪቱ ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነውና። ተማሪው ይህንንም ያያል። አንዱ ቅጠል ከባንክ የተበደረ ላኪ አለው፣ ሌላው ቅጠል እስር ቤት ያስገባል፤ ግቢው ውስጥ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን «ገዳይ» ተብለዋል። እንግዲህ ከዚህ ተነሥቶ የራሱን ፍልስፍና ቢሠራ ምን ይገርማል?

ፍልስፍናው ባጭሩ «ቅጠል እኮ ነው» የሚል ነው። ፋብሪካ አልነካውም፣ ኬሚካል የለውም፣ እግዜር ያበቀለው ነው። ይህን ለመመለስ ብዙ ጉልበት አያስፈልግም። ትንባሆም ቅጠል ነው፤ አስተናግርም እግዜር ያበቀለው ነው፣ አንድ እፍኝ ፍሬው ሰው ያሳብዳል። አያቶቻችን ኮሶን በልክ ይጠጡ የነበረው ተፈጥሯዊ ነገር እንደሚገድል አሳምረው ስለሚያውቁ ነው። የመድኃኒት አዋቂ አገር ልጅ ይህን መርሳቱ ነው የሚያሳዝነው።

የሚከብደው ሁለተኛው ነው፦ «አሜሪካ ፈቅዶታል።» እዚህ ላይ ተማሪው የሚለው እውነት አለው፤ ጤና አስተማሪው ሲሸሸው ደግሞ ውሸታሙ እሱ ይሆናል። ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በ2012 እ.አ.አ. በሕዝብ ድምፅ ፈቅደዋል። እጅግ ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲ ከ2015 ጀምሮ አዋቂ ሰው በመጠኑ እንዲይዝ ፈቅዳለች። ካናዳ በጥቅምት 2018 እ.አ.አ. አገር አቀፍ ሕጋዊ ገበያ ከፈተች፤ በዚያው ዓመት የደቡብ አፍሪቃ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አዋቂ ሰው በግል ቤቱ መጠቀሙን ከወንጀልነት አወጣ። በታኅሣሥ 2020 እ.አ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ኮሚሽን በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን ከጥብቁ ዝርዝር ሰርዞታል። ሶዶ ያለ ተማሪ ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለ የአክስቱ ልጅ ጋር በስልክ ሲያወራ ይህ ሁሉ ይደርሰዋል፤ የቀረውን ቲክቶክ ይጨምርለታል።

ያልደረሰው ግን ሌላው ግማሽ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድምፅ የዕፁን የሕክምና ጥቅም ለማጥናት በር ከፈተ እንጂ ለመዝናኛ አልፈቀደም፤ ካናቢስ ዛሬም በ1961 እ.አ.አ. በተፈረመው ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ ዕፅ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። የፈቀዱት የአሜሪካ ግዛቶች የዕድሜውን ወለል 21 አድርገዋል፤ የእኛ ፍሬሽ ተማሪ አሥራ ስምንትና አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ኮሎራዶ ቢሆን ሱቁ በር ላይ መታወቂያ ጠይቀው ይመልሱት ነበር። እዚያ የሚሸጠው ከረሜላ፣ ዘይት፣ ብስኩት ሁሉ ምን ያህል ቲ.ኤች.ሲ. (የሚያሰክረው ንጥረ ነገር) እንደያዘ ተለክቶ ተጽፎበታል። ሶዶ ላይ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ማን ለካው? የታሸገ ቢራና በጀሪካን የመጣ ካቲካላ ሁለቱም አልኮል ስለሆኑ አንድ ናቸው እንደማለት ነው። ሕጋዊነት ከጉዳት ነፃነት ማለትም አይደለም። በዚያው በአሜሪካ በ2020 እ.አ.አ. የኮሌጅ ተማሪዎች ሲጠየቁ 44 ከመቶው ባለፈው ዓመት ካናቢስ እንደተጠቀሙ ተናግረዋል፤ የተባበሩት መንግሥታት የ2021 ሪፖርት ደግሞ በሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ በአንዳንድ የዓለም ክፍሎች የዕፁ ኃይል እስከ አራት እጥፍ ሲያድግ፣ ጎጂ ነው የሚሉ ወጣቶች ድርሻ እስከ 40 ከመቶ መውደቁን መዝግቧል። ዕፁ እየበረታ ፍርሃቱ ቀነሰ ማለት ነው።

ሦስተኛው እምነት «ያረጋጋኛል» የሚለው ነው፤ ለእሱ ወደ አንጎል እንግባ።

እስራኤላዊው ኬሚስት ራፋኤል ሜቹላም በ1960ዎቹ እ.አ.አ. መጀመሪያ ለምርምሩ ሀሺሽ ቢያጣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ከተያዘው ላይ አምስት ኪሎ ተሰጠው፤ በአውቶቡስ ሲመለስ ተሳፋሪው ይህ ሽታ ምንድን ነው እያለ ተቸገረ ይባላል። ከዚያ ሀሺሽ በ1964 ከባልደረባው ጋር ቲ.ኤች.ሲ.ን ለየ፤ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ይህ ነው። በኋላ እንደታወቀው ሰውነታችን ራሱ የሚሠራቸው ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ። ቲ.ኤች.ሲ. በእነሱ ቦታ ገብቶ ይቀመጣል፤ ግን እነሱ ለቅጽበት፣ በሚፈለግበት ቦታ ብቻ ሲሠሩ እሱ ለሰዓታት፣ በሁሉም ቦታ ይሠራል። ከቦታዎቹ አንዱ አዲስ ነገር ወደ ትዝታ የሚገባበት የአንጎል ክፍል ነው። ለፈተና የሚዘጋጅ ሰው ይህን አስተውሎ ያንብብ፦ ጋንጃ ላይ ሆኖ የተነበበ ገጽ ሲነበብ ጥልቅ ይመስላል፣ ነገ ጠዋት ግን የለም። የሚጎዳው የቃላት ትውስታ መሆኑ በጥናት ተደጋግሞ ታይቷል።

መረጋጋቱስ? የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ላይ ብዙ ሰው እውነትም ይረጋጋል፤ ይህን መካድ ሞኝነት ነው። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ሲያቆም ግን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ ምግብ ይዘጋዋል፤ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ለእንቅልፍ ብሎ የጀመረው ልጅ እንቅልፍ ሲያጣ «ይኸው፣ ያለሱ አልችልም» ይላል፤ የተኛውን በሽታ ያነቃው ራሱ መድኃኒቱ እንደሆነ የነገረው የለም። ካናቢስ ሱስ አያሲዝም የሚለውም ልክ አይደለም፤ ከሞከሩት ሰዎች ወደ 9 ከመቶ የሚሆኑት፣ በጉርምስና ከጀመሩት ደግሞ ወደ 17 ከመቶ የሚሆኑት በሱስ እንደሚያዙ ተገምቷል። ከትንባሆና ከአልኮል ያነሰ ነው፤ ይህንንም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚያስፈራው ሳይኮሲስ ነው፤ ሰው የሌለ ድምፅ የሚሰማበት፣ ሁሉ ያሳድደኛል የሚልበት ሕመም። በ1987 እ.አ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ከ45 ሺህ በላይ ምልምል ወታደሮችን ለአሥራ አምስት ዓመት ተከታትሎ፣ ገና ሲመለመሉ ከሃምሳ ጊዜ በላይ ካናቢስ ተጠቅመው የነበሩት በስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ሆኖ አገኘው። በ2019 እ.አ.አ. በአውሮፓና በብራዚል አሥራ አንድ ስፍራዎች የተሠራ ጥናት ደግሞ ኃይለኛ ካናቢስ በየቀኑ የሚጠቀሙት በሳይኮሲስ የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠቀሙት ወደ አምስት እጥፍ መጠጋቱን አሳይቷል። ሕመሙ በቤተሰብ ውስጥ ያለበት ሰው ይበልጥ ይሰጋል። አብዛኛው ተጠቃሚ አያብድም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምርበት ዕድሜ ከአሥራዎቹ ማብቂያ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ልክ የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ። አንጎልም ተሠርቶ የሚያልቀው በዚያው ግድም ነው። ጫቱም የራሱን ድርሻ ይጨምራል፤ እንቅልፍ የነሣው፣ በካቲኖን የጋለ አንጎል ላይ ቲ.ኤች.ሲ. ሲደረብ ምን ሊሆን እንደሚችል ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ይህን ሁሉ የሚነግረው ማነው? በተለመደው አሠራር አዲስ ተማሪ ሲገባ አዳራሽ ይሞላና ከምዝገባ፣ ከካፌ መታወቂያ፣ ከዶርም ደንብ ቀጥሎ ስለ ሱስ አሥር ደቂቃ ይነገራል። ሚኒ ሚዲያው አልፎ አልፎ ያስታውሳል። የዓለም የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ሰኔ 19 ላይ ነው የሚውለው፤ ብዙ ጊዜ ተማሪው ፋይናል ላይ ሆኖ ወይም ሻንጣውን አሥሮ። ከዚያ ውጭ ጉዳዩ የግቢ ጥበቃና የፕሮክተር ነው።

ማስፈራራት እንደማይሠራ ለማወቅ የግድ እኛ መሞከር የለብንም። አሜሪካኖች በ1983 እ.አ.አ. ሎስ አንጀለስ ላይ ዲ.ኤ.አር.ኢ. የሚባል ፕሮግራም ጀምረው ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ክፍል ድረስ እየገባ ስለ ዕፅ እንዲያስተምር አደረጉ። አገሩን አዳረሰ፣ ወላጅ ወደደው፣ ፖለቲከኛ ወደደው። በኋላ አጥኚዎች የተማሩትንና ያልተማሩትን ለአሥር ዓመት ተከታትለው ሲያወዳድሩ ልዩነት አጡ። ለዓመታት የፈሰሰው ገንዘብ ያተረፈው ቲሸርት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የተሻለ ተስፋ ያለው ሌላ መንገድ ነው። በ1986 እ.አ.አ. ዌስሊ ፐርኪንስና አላን በርኮዊትዝ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በኒውዮርክ ግዛት አንድ ኮሌጅ ተማሪዎችን ስለ መጠጥ ጠየቁ፤ ተማሪው ጓደኞቹ ለስካር ያላቸውን አመለካከት ከእውነቱ እጅግ የላላ አድርጎ ይገምታል። ሁሉ ሰው ይጠጣል ብሎ ስለሚያስብ ይጠጣል። አሁን ወደ 23ቱ ከመቶ እንመለስ። በእኛ ካምፓስ «ሁሉም ይቅማል» የማይል ተማሪ አላገኘሁም፤ ቁጥሩ ግን ከአራት ተማሪ ሦስቱ እንደማይቅሙ ይናገራል። ጋንጃ የሚያጨሱት ከቃሚዎቹ በብዙ ያነሱ ናቸው። ላይብረሪ ሲያነብ አምሽቶ የተኛው ተማሪ አይታይም፤ ሲጮህ ያመሸው ይታያል። «ገዳይ ነው» የሚለው ወረቀት ተነሥቶ የግቢው የራሱ ቁጥር ቢለጠፍ፣ ፍሬሹ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ቁጥሩን መሰብሰብ ለኦቶና የጤና ተማሪዎች የአንድ ሴሚስተር ሥራ ነው።

ክሊኒኩም ድርሻ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሲስት የሚባል ስምንት ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ስለ ትንባሆ፣ ስለ አልኮል፣ ስለ ካናቢስ፣ ስለ አነቃቂዎች፣ ስለ ማስተኛ ኪኒኖች ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። በአውስትራሊያ፣ በብራዚል፣ በህንድና በአሜሪካ ተሞክሮ፣ መጠይቁን ተከትሎ የሚደረግ አጭር ምክር የተጠቃሚውን መጠን እንደሚቀንስ ታይቷል። ለራስ ምታት የመጣን ተማሪ አንዲት ነርስ በደቂቃዎች ልትጠይቀው ትችላለች። ጥያቄው ግን እንዲህ ነው፦ ተማሪው እውነቱን ይናገራል? ካርዱ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚሄድ ከመሰለው አይናገርም። በራሱ እግር ክሊኒክ የመጣ ተማሪ ለሕክምና የተናገረው ነገር እንደማያስከስሰው በዩኒቨርሲቲው ደንብ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ የሚሸጠውን ደንቡ ይቅጣው፣ ሕጉም ይቅጣው። ይህን ለማድረግ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ኤድስ በበረታበት ዘመን በእነዚሁ ግቢዎች የአቻ ለአቻ ትምህርት ነበር፤ ቡና እየተፈላ በግልጽ ይወራ ነበር፤ ምርመራው በምስጢር ይደረግ ነበር። ያኔ ማንም «ወሲብ ገዳይ ነው» ብሎ ያቆመ የለም። ያን ልምድ የሚያውቁ መምህራን ዛሬም ግቢ ውስጥ አሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ነገሩ ከግቢው አጥር ውጭ መጀመር ያለበት ይመስለኛል። ቦምቤ ያለው የሁለተኛ ደረጃ መምህርም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ መጋቢውም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለጨረሰ ልጅ ከሚሰጡት ምርቃት ጋር አንድ ሰዓት ቁም ነገር ሊጨምሩለት ይችላሉ፦ ጫቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ጨብሲው ለምን እንደሚከተል፣ ጋንጃው በዚያ ዕድሜ ለምን እንደሚከፋ፣ ቢሳሳት ደግሞ ተመልሶ የሚመጣበት ቤት እንዳለ።

ይህን የምታነብ ተማሪ ከሆንክ አንድ ነገር ብቻ ያዝልኝ። የዶርም ጓደኛህ ሌሊት ሌሊት ብቻውን ማውራት ከጀመረ፣ የሌለ ድምፅ ይሰማኛል ወይም ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው ካለ፣ «መርቅኖ ነው፣ ይለቀዋል» ብለህ አትተወው። ጸበልም፣ ጸሎትም ቤት ልትወስደው ትችላለህ፤ በዚያው ሳምንት ግን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል አድርሰው፤ ለሐኪሙም የወሰደውን ነገር ሳትደብቅ ንገረው።